ማሩ እና የማይኩ ቀለብ

ማሩ መሞቱን የነገረኝ ከመተማ ወዲህ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ስልኩን ሊያሠራ መጥቶ፣ ገና ክዳኑን ስከፍትለት፣ «ያ እናንተ ሱቅ የነበረው የአርማጭሆ ልጅ፣ ማይክ የሚሠራው፣ ወባ ጣለውና ሞተ አሉ» አለኝ። እኔም «ኢና ሊላሂ» አልኩ። ለሰው የምናገረው ይህንኑ ነው። የውስጤን ካወራሁ ግን፣ አላህ ይማረኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ነው። ከእንግዲህ እዚህ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ገበያ «ማሩ ቢኖር ኖሮ» የሚለኝ አይኖርም ብዬ ነው። ሞኝነቴ። ሰው ከሞተ በኋላ «ቢኖር ኖሮ» ይብሳል እንጂ መቼ ይቀንሳል።

ምቀኛ አይደለሁም። የሰው ሱቅ አላቃጥልም፣ የሰው ስም አላጠፋም። ቅናት ግን አለብኝ፤ በማሩ የቀናሁትን ያህል ደግሞ በማንም ቀንቼ አላውቅም። ሚስቴ «በሴት ብትቀና እንኳ ይገባኝ ነበር፤ ሰው በማይክ ይቀናል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ።

ስሜ ያሲን ነው። አባቴ ከጎንደር ወርዶ ገላባት ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ ጨርቅ አልሆነልኝም፤ አሥራ ስምንት ዓመት በኡስታ ኢድሪስ ሱቅ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ስፈታና ስገጥም ኖርኩ። «ኡስታ» እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ የሚጠራበት ማዕረግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሲወለዱም ኡስታ የነበሩ ይመስል ነበር። የኛው አገር ሰው ናቸው፣ ጎንደሬ። በስተርጅና ጆሯቸው ደከመ። ለድምፅ ባለሙያ ጆሮ መድከም ለሾፌር ዓይን እንደመጥፋት ነው፤ ኡስታ ግን መላ አላጡም፤ ስፒከሩ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጩኸት ካለ መዳፋቸውን ይነዝራቸዋል፣ ከሌለ ይረጋል። በእጃቸው ነበር የሚሰሙት።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «እጅህን ይባርከው» ብለውኝ አያውቁም። ደህና ስሠራ «ይሁን» ይላሉ፣ ሳበላሽ «ፍታው» ይላሉ። በእነዚህ ሁለት ቃላት መሀል ጸጉሬ ሸበተ።

የካርቱሙ ጦርነት መጥቶ መብራት ሲጠፋ ከተማው በሙሉ ወደ ሶላርና ኢንቨርተር ዞረ። ያን ጊዜ ያልታሰበ ነገር መጣ፤ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየስብሰባው ማይክ ሁሉ ማላዘን ጀመረ። ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር ከስፒከሩ «ዚዚዚ» የሚል፣ ጆሮ ውስጥ እንደገባች ትንኝ ያለ ድምፅ ይወጣል። ሰው ማይኩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም እቀይርለታለሁ። አዲስ ማይክ፣ አዲስ ገመድ፣ ያው ዚዚዚ። ኡስታ መዳፋቸውን አሳርፈው «ፍታው» ይሉኛል። ምኑን ልፍታው? ሁሉን ፈትቼ ጨርሻለሁ።

ማሩ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከባሱንዳ ወዲያ ባለ ትልቅ እርሻ ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭዱ ግራ እጁን ቆረጠው፤ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ሰፍተው በፋሻ ጠቀለሉለት። እስኪድን መዋያ አልነበረውምና ሱቃችን በር ላይ ካለው የሣር ጥላ ሥር መጥቶ ይቀመጣል። ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ሲሰሙትም ሲያዩትም ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገር ስለፋ አየኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይኑን ጨፈነና፣ በኋላ እንዳወቅሁት ሲያዳምጥ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ወንድሜ፣ ማይኩን አትቀይረው፤ ማይኩ ጤነኛ ነው። የተበላሸ ቀለቡ ነው» አለኝ።

«የምን ቀለብ?»

«ማይክ ለመሥራት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሻ የለም? እሱን ነው የምልህ። በቀጥታ ከኢንቨርተሩ ነው የምታበላው። ቆሻሻ ካበላኸው ቆሻሻውን ነው የሚያወራ።»

ሳቅሁበት። ደንበኞች ነበሩ፣ እነሱም አብረውኝ ሳቁ። ሰሊጥ አጫጅ መጥቶ ማይክ ያስተምረኝ? እሱ ግን አልተቀየመም። ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሮ እንዳቋረጠ፣ ከዚያም በየገጠሩ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ኡስታ ከንፈራችንን እያዩ ነበርና ነገሩ ገባቸው። «ይሞከር» አሉ።

እጁ ታስሯል፤ ቆርቆሮ የምናቀልጥበትን ካውያ የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ በደህና እጁ ዕቃውን እየመረጠ ያቀብለኛል፣ ያዝዘኛል፤ ከንዴቴ ቁጥሩን ልብ አላልኩም። «ቀለቡ የሚያልፍበትን ሬዚስተር ለሁለት ክፈለው። መሀሉ ላይ አንድ ካፓሲተር ወደ መሬት እሰርበት። ካፓሲተር ማለት በርሜል ነው። ውሃው በአህያ ጋሪ እየተናጠ ቢመጣም በርሜል ውስጥ ከገባ ይረጋል፤ ማይኩ የሚጠጣው የረጋውን ነው። መሬቱንም እዚህም እዚያም አትሰረው፣ አንድ ቦታ ብቻ።» በዕድሜ ታናሼ የሆነ ሰው፣ ደንበኛ ፊት፣ «እዚህ ጋ ቀለጥ አድርገው፣ እዚያ ጋ ቀነስ» ሲለኝ ካውያውን ሳላይ ገፋሁት። ከመበሳጨቴ የተነሳ ካውያው ጣቴን ጠበሰው።

ጨርሼ አበራሁት። ዝም። ትንኟ የለችም። የተበላሸ መስሎኝ ማይኩን በጥፍሬ ነካሁት፤ «ጧ» አለ፣ ከዚያ እንደገና ዝም። ኡስታ ተነሱ፣ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ማሩ ዞረው «እጅህን ይባርከው» አሉት።

ካውያውን የያዝኩት እኔ። ጣቴን ያቃጠልኩት እኔ። የተባረከው የእሱ እጅ፣ ያውም በፋሻ የተጠቀለለው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እጁ ከዳነ በኋላ ወደ ሰሊጡ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ኡስታ ወንበር ሰጡት። ደንበኛ ሱቅ ሲገባ እኔን አልፎ «ወይን ማሩ?» ይላል፤ ማሩ የት ነው ማለቱ ነው። ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ዘፋኝ ነበር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ማሩ የለም፣ ምን ልርዳህ?» ስለው «እጠብቀዋለሁ» ብሎ ከፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ወላሂ፣ ጥላ ሥር ና አላልኩትም።

ሰውዬው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አልሆነም። ሻይ ሲያመጣ መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ሚስቴ ለብቻው ሽሮ ትሠራለት ጀመር፤ ለእኔ ከምትሠራው ይጣፍጥ ነበር፣ ቀምሼዋለሁ። ሲሠራ አይቸኩልም። የመጣለትን ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በጣቱ መገጣጠሚያ ቆርቆር ያደርገዋል፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ። «ጩኸቱን ከስፒከሩ አታባረው፣ ከተወለደበት ሂድና ያዘው» ይል ነበር። ይህን እኔም ለደንበኛ የራሴ አስመስዬ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ምንም አለመደበቁ ነው። እኛ የገዳሪፍ ኡስታዎች አንድ ልማድ አለን። ጥሩ ሥራ ከሠራን በኋላ በዕቃዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር በምላጭ እንፍቃለን፤ ሌላ ኡስታ ከፍቶ እንዳይገለብጥ ነው። ተንኮሉ የበዛበት ደግሞ ይፍቅና የውሸት ቁጥር ይጽፍበታል። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። ማሩ ግን አይፍቅም። እንዲያውም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጠቀመውን ሁሉ ይጽፍበታል፣ «ነገ የሚከፍተው ሰው እንዳይቸገር» እያለ። እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ አንድ ተንኮል አለው ብዬ ጠበቅሁ።

አሁን ሳጥኑን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ያለን የኢትዮጵያ ልጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በጋራ የገዛነው የድምፅ ማጉያ አለ፤ አምፕሊፋየሩ፣ ማይኩ፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። «ሳጥኑ» እንለዋለን። ሰርግ ሲኖር፣ ሰው ሲሞት፣ የጠፋ ልጅ ሲፈለግ ሳጥኑ ይወጣል። የሚይዘው ሰው አይከፈለውም፤ ያለ እሱ ግን ደስታም ሐዘንም አይጀመርም። ኡስታ ኢድሪስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት ነው። ካረጁ ወዲህ ወራሹ እኔ እንደሆንኩ ለራሴ ነግሬ ጨርሼ ነበር። ሕልሜ ሌላ አልነበረም፤ ሱቅም ቤትም አልተመኘሁም። በሰው ሁሉ ፊት ኡስታ «ያሲን ይያዘው» እንዲሉ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የልጃቸው የሰሚራ ኒካህ ሲቃረብ ኡስታ «በዚያ ቀን ለምርቃት ስነሳ ሳጥኑን የሚይዘውን እናገራለሁ» አሉ። ማሩን አየሁት። ሬዲዮ እየፈታ ነበር፣ ቀና አላለም።

ሳጥኑም እንደሌላው ሁሉ ያላዝን ነበር። «ለሰርጉ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ማሩ «ልርዳህ?» አለ። «ተወው» አልኩት። እሱም ተወው። ምሳ ሊበላ ሲሄድ ጠብቄ እሱ ያከመውን አምፕሊፋየር ከፈትኩ። ክዳኑ ላይ እንደልማዱ ጽፏል፤ ካፓሲተር መቶ፣ ሬዚስተሩም ትንሽ። በምላጭ የተፋቀ ነገር የለም። አየሁትና በልቤ «ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን ያዝኩህ» አልኩ። እንዲህ በግልጽ የተጻፈ ቁጥር እውነት ሊሆን አይችልም፤ እውነተኛውን ደብቆ ለእኔ የጻፈልኝ ማታለያ ነው። እኔ ብሆን እንዲያ ነው የማደርገው። ደግሞም መቶ ይህን ያህል ዝምታ ካመጣ፣ ብዙ ቢሆን ምን ያመጣል? ከመሳቢያው ትልቁን፣ አራት ሺህ ሰባት መቶ የሚለውን፣ አውራ ጣት የሚያህለውን ካፓሲተር አወጣሁ። ሬዚስተሩንም አሥር እጥፍ አደረግሁት። አብርቼው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ሳጥኑ እንደ መቃብር ዝም ብሏል፤ ስናገርበት ድምፄ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከማሩም ሥራ ይበልጥ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት።

ኒካሁ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በድንኳን ነበር። ባትሪያችን ደካማ ስለሆነ ልማዳችን ተናጋሪው ሲነሳ ብቻ ሳጥኑን ማብራት ነው። እኔ ከኋላ፣ ከሳጥኑ ጋር ተቀምጫለሁ፤ አዲስ ጀላቢያ ለብሻለሁ። ማሩ ከፊት ነው፣ ኡስታ ሲነሱ ክርናቸውን ይዞ ደገፋቸው። ማይኩን ጨበጡ። ማብሪያውን ተጫንኩት፣ ቀይዋ መብራት በራች። ኡስታ መናገር ጀመሩ።

ድምፅ የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከስፒከሩ ትንፋሽ እንኳ አይወጣም። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ከኋላ ያለው ሰው «አይሰማም» ይላል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ኡስታ ጆሯቸው ስለማይሰማ የሆነውን አላወቁም፣ እያወሩ ነው። እጃቸውን አንስተው ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ አየሁ፤ ወደ ማሩ ይሁን ወደ እኔ ከሩቅ አይለይም። ግማሽ ደቂቃ ያህል አለፈ። ከዚያ ምንም ሳልነካው ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ነቃና፣ ጥርት ባለ፣ ኮሽታ በሌለው ድምፅ «ብያለሁ። ሙሽሮቹን ደግሞ አላህ ይባርክላችሁ» አለ። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። ያንን ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቄው፣ ቀኑ መጥቶ ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ሰው ሲበተን ማሩ ገመድ ሊጠቀልልልኝ መጣ። «ስንት አደረግህበት?» አለኝ።

«አራት ሺህ ሰባት መቶ።»

አልሳቀም። «በርሜሉን ትልቅ፣ ቧንቧውን ቀጭን አድርገህ፤ እስኪሞላ ድረስ ማይኩ ምን ይብላ? ጾሙን ቆየ። ክዳኑ ላይ መቶ ብዬ ጽፌልህ አልነበር?»

«የውሸት መስሎኝ ነው።»

«ለምን እዋሽሃለሁ?» አለ። በእውነት ገርሞት ነው የጠየቀኝ። ዓይኑን ሳላይ «ምን አሉ? ድምፁ ሳይመጣ» አልኩት። አጠገባቸው የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ በእልልታው መሀል ሌላ ሰው ሊሰማ አይችልም።

ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። «ሳጥኑን ያሲን ይያዘው አሉ። እጁን ይባርከው ብለውም መረቁህ።»

«ወላሂ በል።»

«ክርስቲያን ወላሂ ይላል እንዴ?» ብሎ ሳቀና ገመዱን አስታቀፈኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኡስታ የሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ይሁን» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምርቃቱ ቀድሞ ተነግሯል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በዚያው ሳምንት ማሩ እናቴ ታመመችብኝ ብሎ በገላባት በኩል አገሩ ገባ። ስሸኘው ደስ አለኝ፤ ቢሆንም ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። የምርቃቴ ምስክር እሱ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩትን ቃል ከእሱ አፍ መስማቴ ያንገበግበኝ ነበር። ኡስታንም ደግሜ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ በዓመቱ አረፉ። ሳጥኑን ይዤ፣ በየሰርጉ የክብር ቦታ እየተቀመጥኩ፣ «ማሩ ቢኖር ኖሮ» እየተባልኩ ኖርኩ።

ሾፌሩ መርዶውን ከነገረኝ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ሰሚራ ቤት ሄድኩ። ማሩን ትወደው ነበር፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ ነው። ነገርኳት። ግቢዋ ካለው የሣር ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች። አባቷ ሲሞቱ እንደዚያ ያለቀሰች አልመሰለኝም። እዚያ ተቀምጬ በለቅሶዋም ቀናሁ፤ እኔ ስሞት እንዲህ የሚያለቅስልኝ አለ ወይ ብዬ።

ፊቷን በልብሷ ጠረገችና «አያ ያሲን፣ እንግዲህ ሞቷል፤ ልንገርህ» አለች። «አታውሪ ብሎኝ ነው እስከዛሬ የቆየሁ። በኒካሁ ቀን አባዬ የጠሩት ማሩን ነው።»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«በማግስቱ እኛ ቤት መጣ። ሻይ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። አባዬ ‹ቁልፉን ውሰድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?› አሉት። ‹ኡስታ፣ ማይኩ ዘግይቶ ስለነቃ ሰው አልሰማም፤ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለያሲን ይስጡልኝ፣ አንቱን አምኜ እሱን እንደጠሩት ነግሬዋለሁ› አላቸው። አባዬ ተቆጡ። ‹የኔን ቃል አንተ ትለውጣለህ?› አሉ። እሱም ‹እኔ ሰሊጥም አጭዳለሁ፣ ማይክም እሠራለሁ፣ የትም እሆናለሁ። እሱ ግን ይቺን አንዲት ነገር ነው የሚጠብቅ፤ ብትቀርበት ይሰበራል› አለ። አባዬ ሁለት ቀን አኮረፉ። ከዚያ ቁልፉን ይዘው ወጡ።»

የእናቱንም መታመም ጠየቅኋት። ደህና ነበረች አለችኝ። እሱ እያለ ሰው እኔን እንደማይጠራኝ ስላወቀ ነው የሄደው።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ምስጋና አይደለም። ንዴት ነው። በእጁ በለጠኝ፣ እሺ። በጆሮው በለጠኝ፣ እሺ። በደግነትም ይብለጠኝ? አንዲት ነገር እንኳ ለእኔ ትቶ ቢሞት ምን ነበረበት? ይህን በልቤ ስል ሰሚራ ፊቴን እያየች ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀኛለች፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው።

«አያ ያሲን» አለች፣ «የተጠራኸው አንተ ብትሆን፣ የሰማኸውም አንተ ብቻ ብትሆን፣ ለማሩ ‹አንተን ነው የጠሩት› ትለው ነበር?»

«እንዴታ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷም እሱን እንድላት የፈለገች መሰለኝ።

«አልለውም ነበር» አልኳት።